ቤት የሌለበት ካርታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያለኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ደመና መጠበቅ። ከሰዓት በኋላ ወንበሬን በረንዳ ላይ አወጣና ፊቴን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐረር ተራሮች አዙሬ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ሶፊያ «አንተ ጡረታ የወጣኸው ከመሥሪያ ቤት ነው ወይስ ከሰው?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ አልስቅም። ተራራው ጫፍ ላይ ጥቁር ነገር ካየሁ እጄ ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ ላይ ተቀምጬ እጄ ቀዘቀዘ ብል ማን ያምነኛል?

ፈሪ ሆኜ አልተወለድኩም። ሌላው ሰው ከሥራው የወገብ ሕመም ወይም የዓይን መድከም ይዞ ይወጣል፤ እኔ ይህን ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ ስለ ሥራ ዘመኔ ላውራ ካልኩ ስለ ፍርሃቴም ማውራቴ አይቀርም።

ሥራዬ ካርታ መንደፍ ነበር። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ስለነበረ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሐዲድና የድልድይ ንድፍ የሚገለበጥበት ክፍል አስገባኝ። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የለቃቀምኳት ፈረንሳይኛ ነበረችኝ፣ እጄም አይንቀጠቀጥም፤ ከዚህ በላይ የጠየቀኝ የለም። አለቃችን አንድ ሽማግሌ ግሪክ ነበር። መስመር የተንጋደደ እንደሆነ አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ ወረቀቱን ለሁለት ቀዶ በትህትና ያስረክብሃል። ስድብ ይሻለኝ ነበር። እዚያ ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አዲስ መሥሪያ ቤት ተከፈተና ነዳፊ ይፈለጋል ተባለ። ደመወዙም ትንሽ ይሻል ስለነበር ሄጄ ተቀጠርኩ።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ስለ መሬት ጥናት መጽሔት የሚያዘጋጅ ነበር። ስለ ርስትና ስለ እርሻ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ እሳተ ገሞራው፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ፣ ከሥር ስላለው ውኃ ነው። በፈረንሳይኛ ይታተምና በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከተማችን ውስጥ የሚያነበው ሰው ነበር ለማለት ይቸግረኛል። የሰፈሬ ሰዎች «የድንጋይ ጋዜጣ» ነበር የሚሉት። ማታ ወደ ቤት ስመለስ «ዩሱፍ፣ ዛሬ ድንጋዩ ምን አለ?» እያሉ ያላግጡብኝ ነበር።

ዋና አዘጋጁ ሙሴ ረኔ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ ሙሴ በእነሱ አገር አቶ ማለት ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ ትንንሽ መሳቢያዎች ያሉት የእንጨት ሣጥን ቆሟል፤ በየመሳቢያው ፊት የአንድ ጥናት ርዕስ ተለጥፎበታል። ስምጥ ሸለቆ፣ እሳተ ገሞራ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ ጎርፍ። የውጭ መጽሔቶች በባቡር በደረሱ ቁጥር ሙሴ ረኔ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ መነጽሩን ያደርግና ከየገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ይለቅማል። እኛ ያወጣነውን ጽሑፍ የጠቀሰ ሰው ካገኘ በአንዲት ካርድ ላይ ይጽፍና በርዕሱ መሳቢያ ውስጥ ይከታታል። የስምጥ ሸለቆው መሳቢያ ከመሙላቱ የተነሣ አይዘጋም ነበር። የጎርፉ መሳቢያ ባዶ ስለነበረ ግን ሙሴ ረኔ የራስ ምታት ኪኒኑን ያስቀምጥበታል።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ገንዘብ የሚልኩልን ሰዎች የሚጠይቁት ማን ጠቀሳችሁ ብለው ነው። ያልተጠቀሰ መጽሔት ይዘጋል። ስለዚህ ሙሴ ረኔ ገጽ የሚሰጠው መሳቢያው ለሞላ ርዕስ ነው፤ ስለ ስምጥ ሸለቆ የመጣ ጽሑፍ ቶሎ ይወጣል፣ ስለ ጎርፍ የመጣ ተራ ይጠብቃል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይፈራ ነበር። ከአዲስ አበባ ፖስታ በመጣ ቀን ሳይከፍተው ከዚያ መሳቢያ ኪኒን ያወጣል። እኔም ልጆች ነበሩኝና ፍርሃቱ ይገባኝ ነበር።

አንድ ሌላ ደንብ ነበረው። ካርታ ንጹሕ ይሁን ይላል። የፓሪስ ሰው ስለ መንደራችን ሱቅና ወፍጮ ምን ገደደው? ድንጋዩን፣ ወንዙን፣ ስንጥቁን አሳየው፤ ሌላው ትርፍ ነው። ንጹሕ ካርታ ይጠቀሳል፣ የተጨናነቀ ካርታ ይታለፋል። በዚያ ላይ ካርታው ሲታተም በግማሽ ስለሚያንስ ቤትና መተላለፊያው ሁሉ ተያይዞ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ቤቱንም መንገዱንም እናስገባለን፣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ግን በምላጭ እየፋቅን እናወጣዋለን።

የምላጩ ሥራ ቀላል አይደለም። የምንሠራበት ካልክ የሚባል ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ነው፤ አንዲት የላብ ጠብታ ካረፈችበት ይኮማተርና የቀኑ ሥራ ይበላሻል። የድሬዳዋን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም። ከእጄ ሥር ፎጣ አነጥፋለሁ፣ ግንባሬን በመሐረብ አስራለሁ። ሲፋቅ ደግሞ ምላጩ ተጋድሞ ቀለሙን ብቻ ማንሣት አለበት፤ ትንሽ ከጠለቀ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ትንሽ ከቀረ ጥላው ይታያል። እኔ በመፋቅ የታወቅሁ ነበርኩ። ዩሱፍ የፋቀው ቦታ ላይ አንድ ነገር ነበረበት ብሎ የሚያውቅ የለም ይሉኝ ነበር።

ይህን ያስተማረኝ አቶ ወርቁ ነው። አቶ ወርቁ ከሸዋ የመጣ፣ ውጭ ተምሮ የተመለሰ የድንጋይ ሊቅ ሲሆን የሙሴ ረኔ ምክትል ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ክራባት የሚያስር ሰው። ካርታ ስጀምር ከኋላዬ ይመጣና «ሰሜንን ሳትስል ሌላ ነገር እንዳትነካ» ይለኛል። ወረቀቱ ባዶ እያለ የሰሜኗን ቀስት ማስቀመጥ አለብኝ። የት እንደቆመ የማያውቅ ሰው ስለሌላው እንዳያወራ ነው ይል ነበር።

አፈርም ይበላ ነበር። ዕውነቴን ነው። ጀልዴሳ ለሥራ ወርደን ሳለ ከአንድ ገደል ላይ ቆንጥሮ በፊት ጥርሱ ሲያኝከው አይቼ ደነገጥኩ። «ከተንቋቋ ደለል ነው፤ እንደ ቅቤ ካለፈ ሸክላ ነው» አለኝና በመሐረቡ ከንፈሩን ጠረገ። እናቴ ፋጡማ ይህን ስትሰማ፣ ድሬ እንደሚደረገው ሽማግሌም ይሁን ሹም የሚጠራው አንተ ተብሎ ነውና፣ «አንተ ወርቁ፣ አፈር ከምትበላ ና ሾርባ ብላ» አለችው። እሱ ደግሞ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብሎ አጎንብሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከእናቴ ቤት አይጠፋም ነበር።

አንድ ጠባይ ነበረው፤ እርግጠኛ ነኝ አይልም። ድንጋዩን ላሰው፣ ሰበረው፣ በአጉሊ መነጽር አየው፣ በመጨረሻ የሚለው «ይመስላል» ነው። እኛም እሱን ተከትለን ይመስላል ማለት ለመድን። ሶፊያ ምሳ ደረሰ ወይ ስትለኝ እንኳ ደርሷል አልልም፣ ይመስላል እላለሁ።

የእናቴ ቤት ከተማውን ለሁለት ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም ነበር። አባቴ በገዛ እጁ ያቆመው፣ ድንጋይና ጭቃ የሆነ፣ ከፊቱ አንዲት የሎሚ ዛፍ ያለችው ቤት ነው። እኔ ካገባሁ በኋላ ማዶ፣ ከዚራ አጠገብ ተከራየሁ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሁሉ አዲስ መጸዳጃ ያስቆፍር ነበር፤ አቶ ወርቁም ጉድጓድ ተቆፈረ ሲባል ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ሰው ለቅሶ ደራሽ ይሆናል፣ እሱ ጉድጓድ ደራሽ ሆነ። ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይገባና አፈር በአፈር ሆኖ ይወጣል።

አንድ ቀን ከእናቴ ጎረቤት፣ አደ ሐሊሞ ከምንላት ሴት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ጠራኝ። ወረድኩ። ግድግዳው ላይ ድቡልቡል ጠጠሮች ተደራርበው፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ቆመዋል። ጠጠርን እንዲህ አድርጎ የሚያስተኛው የሚሮጥ ውኃ ብቻ ነው። «ደቻቱ እዚህ ነበር» አለኝ። እኔም ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ይሆናል ብዬ አልደነገጥኩም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከጠጠሩ ሥር የዛገ ነገር ነቅሎ አሳየኝ። የሐዲድ ሚስማር ነው። አባቴ በመዶሻ ሲመታው እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝና አይጠፋኝም።

ባቡር ድሬዳዋ የገባው በአባቶቻችን ዕድሜ ነው። ሚስማሩ ከጠጠሩ ሥር ከተገኘ ወንዙ በዚያ ያለፈው ከባቡሩ በኋላ ነው ማለት ነው። የዚያን ዕለት ሆዴ ውስጥ የገባው ብርድ እስከ ዛሬ አልወጣም።

አቶ ወርቁ ጉድጓድ ከጉድጓድ እያገናኘ የወንዙን አሮጌ መንገድ አገኘው። ከሰፈሩ በላይ ያለው የደቻቱ ጥምዝ በደለል እየሞላ ነው፣ ከሞላ ትልቅ ጎርፍ ዳርቻውን ጥሶ በአሮጌው መንገድ ሊመለስ ይችላል ብሎ ጻፈ። ካርታውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ሰሜንን አስቀደምኩ። ወንዙን፣ ድልድዩን፣ መስጊዱን፣ ወፍጮውን፣ መተላለፊያዎቹን፣ ቤት ለቤት አስገባሁ። በመጨረሻ አሮጌውን መንገድ በሁለት የነጥብ መስመሮች ዘጋሁት። ብዕሩን ሳነሣ የእናቴ ቤት ከሁለቱ መስመሮች መሃል ነበር። እዚያ እንደሚሆን ሳልስለውም አውቅ ነበር።

ጽሑፉ ተራ ጠበቀ። የጎርፍ መሳቢያ ባዶ ነውና። አንድ ክረምት አለፈ፣ እኔ ደመና በታየ ቁጥር ድልድዩን እየተሻገርኩ እናቴን ሳያት ከረምኩ። አቶ ወርቁ ሙሴ ረኔን መለመን ሰለቸውና በመጨረሻ ተጣላው፤ ሲጣላ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሙሴ ረኔም «እሺ፣ ይውጣ፤ ካርታው ግን ይጽዳ» አለ።

አቶ ወርቁ «ቤቶቹ ይቅሩ፤ ይህ የከተማው ሰው ሊያየው የሚገባ ነው» አለው።

«የከተማው ሰው መጽሔታችንን ያነባል?» አለ ሙሴ ረኔ።

ምላጩን ያዝኩ። ወፍጮውን ፋቅሁ፣ መስጊዱን ፋቅሁ፣ መተላለፊያዎቹን አንድ በአንድ ፋቅሁ። የእናቴን ቤት የመጨረሻ አደረግሁት። አቶ ወርቁ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። ስጨርስ በሁለቱ የነጥብ መስመሮች መሃል ነጭ ወረቀት ብቻ ቀረ።

መጽሔቱ እንደታተመ አቶ ወርቁ አንድ ቅጂ ይዞ ወደ ከተማው ሹም ሄደ፤ እኔንም አስከተለኝ። ሹሙ ጨዋ ሰው ነበር፣ አስቀመጠን፣ ለስላሳ አስመጣልን። ካርታውን ግራና ቀኝ አዟዟረው።

«ይህ የት ነው?» አለ።

«ይህ ደቻቱ ነው ጌታዬ። ይህ ደግሞ አሮጌው መንገዱ ነው።»

«መስጊዱስ? ገበያውስ? እዚህ ነጭ ነው፤ ባዶ ቦታ ነው?»

«የለም፣ ሰው ይኖርበታል» አለ አቶ ወርቁ። «ቤቶቹ ያልተሳሉት ለኅትመት ሲባል ነው።»

ሹሙ መነጽሩን አወለቀ። «ቤት ካለ ለምን ካርታ ላይ የለም? ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ማለት ነው?»

እኔ ጣልቃ ገብቼ «እናቴ እዚያ ናት» አልኩ። ሹሙ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አቶ ወርቁን ጠየቀው፤ «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጎርፉ በዚህ ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

ዓይኔን አቶ ወርቁ አፍ ላይ ተከልኩ። አንዲት ቃል ነበር የምትፈለገው። «ሊመጣ የሚችል ይመስላል» አለ።

«መቼ?»

«እሱ አይታወቅም።»

«እንግዲያው ሲታወቅ ብቅ በሉ» አለ ሹሙ፣ እስከ በሩ ድረስም ሸኘን። እኛ ሳንወጣ ግን የሹሙ ጸሐፊ በሩ ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ፤ ቤቶቻችን ካርታ ላይ የሉም፣ ሊፈርሱ ነው ተባለ።

ይህን ሁለታችንም አላወቅንም። አቶ ወርቁ በወረቀት ካልሆነ በመሬቱ ላይ ላሳያቸው ብሎ አንድ ባልዲ ኖራ በጠበጠ። ጥምዙ ካለበት ጀምረን አሮጌውን መንገድ እየተከተልን በሚያልፍበት ግቢ ሁሉ ግድግዳ ላይ ነጭ ምልክት አደረግን። በየበሩ እየቆመ «ከባድ ዝናብ ተራራው ላይ ስታዩ ወደ መስጊዱ ግቢ ውጡ፤ እዚያ ከፍታ ነው» ይላል። ሰው ግን አፉን አያይም፣ ብሩሹን ነው የሚያየው። ግድግዳ ላይ ምልክት የሚደረገው ቤት ሊፈርስ ሲል ነው፤ ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን ያላሰብነው። ለዓመታት መስመር ስናሰምር ስለኖርን መስመር ማለት ለእኛ ዕውቀት ነበር። ከኋላችን በውኃና በጨርቅ ይታጠባል። ሰፈሩን ስንጨርስ ዞር ብል አንድም ነጭ ምልክት አልቀረም።

አደ ሐሊሞ ከደጇ ላይ ቆማ «ዩሱፍ፣ የአባትህን ጎረቤት በካርታ ሸጥከን አይደል? ወላሂ ከአንተ አልጠበቅንም» አለችኝ።

እናቴም ምልክቱን አጥባ ነበር። ገብቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«ኡሚ፣ እኔ ዘንድ ነይ። ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ።»

«አልመጣም።»

«እፈራለሁ ኡሚ። ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም።»

ራሴን ዳሰሰችኝ። «እኔም እፈራለሁ። ግን አሁን ጓዜን ይዤ ብወጣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይላል? ልጇ የሚፈርስበትን ቀን ነገራት፣ እሷን አወጣ፣ እኛን ተወን ይላል። እኔ ከተቀመጥኩ ግን ውሸት እንደሆነ ያውቃሉ። አቦ ተወኝ ዩሱፍ። አንተን ሌባ አስብዬ እኔ የት ልኖር ነው?»

ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ ሶፊያን ላክሁ። አልሆነም። ያስቀራት የእኔ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አላህ ያውቃል፤ ሌላ መልክ አላገኘሁለትም።

ጎርፉ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። የዘነበው ተራራው ላይ ነው፤ ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ምሳ በልተን ወደ ሥራ ተመልሰን ነበር፤ እኔ የአንድ እሳተ ገሞራ ካርታ ላይ አጎንብሻለሁ። ከሩቅ የሚጉረመረም ድምፅ ሰማሁ፤ ባቡር የሚገባ መሰለኝ። ሰዓቱ ግን የባቡር ሰዓት አልነበረም። ቀና ስል አቶ ወርቁም ቀና ብሏል። ወጥተን ሮጥን።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል፣ ማለፍ አይቻልም። ደቻቱ ጥምዙን ጥሶ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ በለመደው መውረጃ ይወርዳል፣ ግማሹ ደግሞ በሰፈራችን መሃል፣ እኔ በነጥብ በዘጋሁት መንገድ፣ ያው ስፋቱን ይዞ፣ ያው መታጠፊያው ላይ ታጥፎ ይሄዳል። ካርታዬን በቡናማ ውኃ ተስሎ አየሁት። የሎሚዋን ዛፍ በዓይኔ ፈለግሁ፤ አልነበረችም። አቶ ወርቁ ክንዴን ያዘኝ።

እናቴን በማግስቱ ከከተማው በታች አሸዋው ላይ አገኘናት። ከቀብር በኋላ አደ ሐሊሞ መጣች፤ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ነገሩን ከእሷ ነው የሰማሁት። ድምፁ እንደተሰማ እናቴ ወጥታ በየበሩ በዱላዋ እየመታች «ልጄ ያለው ነው፤ ወደ መስጊዱ ውጡ» ብላ ትጮህ ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ጩኸት ወጣ፣ አደ ሐሊሞም ከልጆቿ ጋር ወጣች። እናቴ የጉልበት ሕመም ነበረባት፤ እስከ ከፍታው መውጫ አልደረሰችም።

ለቅሶው ላይ አቶ ወርቁ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ቆየና ሰው ሲቀንስ ወደ እኔ መጣ። «ዩሱፍ፣ ‹ይመጣል› ማለት ነበረብኝ» አለኝ። «አውቅ ነበር። ሚስማሩን ካየሁ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።» የእናቴ አርባ ሳይደርስ ሥራውን ለቆ ወደ አገሩ ገባ። የት እንዳለ አላውቅም፣ በሕይወት ካለ ዛሬም አፈር ያኝካል ብዬ አስባለሁ።

ከመሄዱ በፊት ጎርፉ በካርታው መንገድ መውረዱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ ጥናቱን የጠቀሱ መጽሔቶች መምጣት ጀመሩ። ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያን፣ ስሙን ከማላውቀው አገር። ሙሴ ረኔ ኪኒኑን ከጎርፉ መሳቢያ አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። አንድ ቀን ጠራኝና ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከመጽሔታችን ጽሑፎች ሁሉ ብዙ የተጠቀሰው ይህ ሆኗል አለኝ። ደስ እንዲለኝ ፈልጎ ይሁን ይቅርታ መጠየቁ ይሁን እንጃ። ካርዶቹን አሳየኝ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ግምቱ በኋላ በደረሰው ጎርፍ ተረጋግጧል። እናቴ ማረጋገጫ ሆነች ማለት ነው። ወጥቼ ጓሮ ሄድኩና አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሙሴ ረኔ ቤት ያለበት ካርታ ይውጣ ብሎ ፈቀደ፤ እሱ ሲሄድ የመጡት ደግሞ ደንቡን መለሱት። የጎርፉ መሳቢያ ሞልቶ ለርዕሱ ገጽ ይሰጥ ጀመር። እኔ እጄ ስለማይንቀጠቀጥ የተቀጠርኩ ሰው፣ ሰማዩ ሲጠቁር ብዕር መያዝ እያቃተኝ ጡረታዬ ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሪት አልማዝ የምትባል ልጅ በሬን አንኳኳች። ከአዲስ አበባ ተምራ የመጣች፣ መጽሔታችን ውስጥ በቅርቡ የተቀጠረች ናት። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት።

«ጋሼ ዩሱፍ፣ አሁን እኮ ውጭ አገር መጠቀስን የሚቆጥር መሣሪያ መጥቷል» አለችኝ። «ካርድ ቀረ። የመጽሔታችንን ጽሑፎች ቢቆጥሩት እስከ ዛሬ የሚበልጠው የደቻቱ ጥናት ሆነ። እኔም በጽሑፌ ጠቅሼዋለሁ። ካርታውን እንደገና ልናትመው ስለሆነ የነደፈውን ሰው ላግኘው ብዬ ነው።»

ካርታውን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ወንዙ፣ ሁለቱ የነጥብ መስመሮች፣ መሃሉ ነጭ። ደህና አድርጌ ፍቄው ነበር። ላለማየት ብዬ ወሬ ቀየርኩ፤ ድሬ ተስማማሽ ወይ፣ የት ተከራየሽ አልኳት።

«ደህና ቤት አገኘሁ። አዲስ ነው፣ ኪራዩም አይከብድም። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮው ጀርባ፤ የአደ ሐሊሞ ልጅ ያሠራቸው ክፍሎች አሉ፣ እዚያ ነኝ።»

እጄ ቀዘቀዘ። ልጅቷን አየኋት፤ እየሳቀች ነው፣ ምንም አታውቅም። ጥናቱን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ጠቅሳዋለች፣ ትተኛበታለችም። ቀና ብዬ ወደ ተራራው አየሁ። ጠዋት ያልነበረ ደመና ጫፉ ላይ ተቀምጧል።

ገብቼ አሮጌ ካልክና ብዕር ይዤ ወጣሁ። ወረቀቱን በካርታዋ ላይ አነጠፍኩት። አስቀድሜ ሰሜንን ሳልኩ። ከዚያ መስጊዱን፣ ወፍጮውን፣ መተላለፊያውን፣ የአደ ሐሊሞን በር፣ አጠገቡ የእናቴን ቤትና የሎሚዋን ዛፍ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መስመሩ ተንጋደደ፤ ያ ግሪክ ቢኖር ቀዶ ይሰጠኝ ነበር። ወይዘሪት አልማዝ በጣቷ መተላለፊያውን ተከተለች፣ ከወፍጮው ጀርባ ታጠፈችና ቆመች። ጣቷ ከሁለቱ መስመሮች መሃል ነበር።

«ጋሼ ዩሱፍ» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ዛሬ ይመጣል?»

ይመስላል ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። «ይመጣል» አልኳት። «ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን፣ ግን ይመጣል። ሮጠን የአደ ሐሊሞን ልጅና ተከራዮቹን እናውጣ።»

ጫማዬን ሳስር ሶፊያ ከውስጥ ወጥታ ደመናውን አየችው። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ተመልሳ ገባችና ለሚመጡት ሰዎች ያለንን ፍራሽ ሁሉ እየጎተተች በረንዳው ላይ ማንጠፍ ጀመረች።